ማሞ ወልዴ፦ ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን

መርካቶ ውስጥ የታወቁ ሯጮችን ጥሩ ቢባል አበበ ቢቂላ፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ እየተባለ ይደረደራል። ማሞ ወልዴም ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ከአበበ ቀጥሎ ማራቶን ያሸነፈው ተብሎ ነው። የመጀመሪያ ኦሊምፒኩን የሮጠው በ800 ሜትር መሆኑ ብዙም አይነሳም።

ሻምበል ማሞ ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. አድአ ውስጥ፣ ድሬ ጂሌ በምትባል ቦታ ተወለደ። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ ኮሪያም ዘምቶ ተመለሰ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት የ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ላይ በ800 ሜትር፣ በ1,500 ሜትርና በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ተሰለፈ። ከማጣሪያ ግን አላለፈም።

ታዲያ ምን ይገርማል? የመርካቶ ነጋዴ እንኳ ሱቅ በደረቴ ይዞ ይጀምራል እንጂ በአንድ ቀን ባለመደብር አይሆንም። በዚያን ጊዜ ለወጣት ሯጭ እንዲህ ያለ መለማመጃ አልነበረም። የዓለም ወጣቶች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ነው። የማሞ ትውልድ ከጦር ሠራዊት ውድድር ወጥቶ በቀጥታ ከዓለም ምርጦች ጋር ይጋጠም ነበር፤ ልምዱንም የሚያገኘው እዚያው እየተሸነፈ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ታሪክ ሲሠራ ማሞ አልነበረም። ለምን ቀረ? እሱ ራሱ የሰጠው ምክንያት መንግሥት ወደ ኮንጎ ሊያዘምተው ፈልጎ ከኦሊምፒክ ኮሚቴው ጋር ባለመስማማቱ ነው የሚል ነው። ሮም ላይ 800 ሜትር የሮጠው ሰይድ ሙሳ ግን ማሞ የቀረው የመምረጫውን ውድድር ስላላለፈ ነው ብሏል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንዱን መርጠን ሌላውን መጣል የለብንም፤ ሁለቱንም መጻፍ ነው። ማሞ ሮም ሳይሄድ በመቅረቱ ግን ሩጫውን አልተወም።

ይልቅ ርቀቱን ቀየረ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በዚሁ ርቀት በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ተቀድሞ ብር አገኘ። ከሳምንት በኋላ ጥቅምት 10 ቀን ማራቶን ተሮጠ። አበበ ቢቂላ በጉዳት ምክንያት ውድድሩን ሲያቋርጥ አደራው ማሞ ላይ ወደቀ። እሱም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፣ ሁለተኛውን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ። ከሜልቦርን ወዲህ 12 ዓመት አልፎ ነበር፤ ዕድሜው 36። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ደግሞ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ።

የመጨረሻ ዘመኑ ከባድ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ከተፈጸመ ግድያ ጋር በተያያዘ ተከሶ ወደ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰረ፤ እሱ ክሱን አልተቀበለም። በ1994 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ተፈረደበትና ከዚያ በላይ ስለታሰረ ተለቀቀ። ከወራት በኋላ፣ ግንቦት 18 ቀን፣ አረፈ። የተቀበረው እንደ አበበ ቢቂላ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ዛሬ ማሞ ያላገኘው ምርጫ አለ። አንድ የ18 ዓመት ሯጭ ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ፣ አይ እኔ ዘንድሮ ከእኩዮቼ ጋር ልሩጥ ቢል ፈራ ብለን ለመጻፍ አንቸኩል። ማሞን ለወርቅ ያበቃው 12 ዓመት ነው። ይሄ ልጅም ጊዜ ቢፈልግ አይፈረድበትም።