የግሬስ ሆፐር ሽቦና የጂንካ ስልክ

ጂንካ ላይ በርካሽ ስልክ አንድ ቅጽ ለመክፈት የሞከረ ሰው ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ መቆየት ያውቃል። ጥፋቱን ሁላችንም ኔትወርኩ ላይ እናላክካለን። ኔትወርኩ ነፃ ነው አልልም። ግን ብዙ ጊዜ ሌላም ተከሳሽ አለ፤ በአፕሊኬሽኑ ሆድ ውስጥ የተቀመጠው ትንሽ አስተርጓሚ። የዚህን ተከሳሽ ጉዳይ ለመረዳት፣ ካረፉ ከ30 ዓመታት በላይ የሆናቸውን የአንዲት አሜሪካዊት ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። ሴትዮዋ ግሬስ ሆፐር ናቸው።

ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒው ዮርክ ተወለዱ። በ7 ዓመታቸው የቤቱን የደወል ሰዓቶች አንድ በአንድ እየፈቱ አሠራራቸውን ለማወቅ ይሞክሩ እንደነበር ይነገራል። በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ባሕር ኃይል ለመግባት ቢያመለክቱ፣ ዕድሜያቸው አልፏል ክብደታቸውም አይሞላም ተባለ። እሳቸው ግን ልዩ ፈቃድ አግኝተው በ1943 ገቡ። የተመደቡትም ሃርቫርድ፣ ማርክ 1 ከተባለው ከ15 ሜትር በላይ ከሚረዝም ኮምፒዩተር ዘንድ ነበር።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተርን ማዘዝ የሚቻለው ማሽኑ በሚያውቃቸው ቁጥሮች ብቻ ነበር። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ቀድሞ የተሠራ ስሌት ሲያስፈልጋቸው አንዱ ከሌላው ደብተር በእጅ ይገለብጡ ነበር። ሲገለብጡም ይሳሳታሉ። ከዚህ ድካም ለመገላገል ከታሰቡት መንገዶች አንዱ፣ ለሰው የሚቀልሉ ምልክቶችን ጽፎ ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ አንድ በአንድ እንዲያስተረጉማቸው ማድረግ ነው። ለጸሐፊው ይመቻል፤ ለማሽኑ ግን እጅግ አዝጋሚ ነው።

ለምን እንደሚያዘግም ለሕግ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። እንደ ደቡብ ኦሞ ሐመርኛ፣ አሪኛ፣ ሙርሲኛ፣ ዳሰነችኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በሚነገሩበት አካባቢ፣ ተከሳሹ የችሎቱን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7 ይህን ይደነግጋል። በሙያዬ እንዳየሁት፣ አስተርጓሚ ባለበት ችሎት እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ ጊዜውም እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ቀን ምስክርነት ይህ ተገቢ ነው። አንድን ውል መቶ ጊዜ ለማንበብ ግን መቶ ጊዜ አስተርጓሚ የሚጠራ የለም። አንዴ ለተርጓሚ ይሰጥና በጽሑፍ ተተርጉሞ ይቀመጣል።

ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1952 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኤ-0 የተባለው ፕሮግራማቸው በቴፕ ላይ የተቀመጡ ስሌቶችን በቁጥራቸው እየጠራ፣ ሰብስቦ፣ ማሽኑ በቀጥታ የሚያነበው አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያዘጋጅ ነበር። ኮምፓይለር የሚለውን ስም ያገኘው ያኔ ነው። ብዙዎች ኮምፒዩተር ስሌት እንጂ ሌላ አይሠራም ብለው ስለሚያምኑ ለማሳመን ጊዜ ፈጀባቸው።

ቀጥለው በእንግሊዝኛ ቃላት የሚታዘዝ ቋንቋ አዘጋጁ። ማሽኑ ለቃላቱ ዘር ግድ እንደሌለው ለማሳየት ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ጽፈው ቢያቀርቡ አለቆቻቸው ደነገጡ። አሜሪካ የተሠራ ማሽን እንዴት ፈረንሳይኛ ይገባዋል ብለው ነው። የሆፐር ሥራ በ1959 ዝግጅቱ ለተጀመረው ኮቦል ለተባለው ቋንቋ ዋና መሠረት ሆነ።

ጊዜን የሚለኩት በሽቦ ነበር። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከክንድ የሚያጥር ሽቦ ቆርጠው ለጄኔራሎችም ለተማሪዎችም ያድሉ ነበር። ይህ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሊጓዝ የሚችለው ትልቁ ርቀት ነው። 300 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ጥቅል ሽቦ ደግሞ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ምሳሌ አድርገው ያሳዩ ነበር። ዓላማቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚያባክኑትን ጊዜ በዓይናቸው እንዲያዩት ነው።

ወደ ስልካችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1993 ብራዚል ውስጥ የተወለደው ሉዋም ሆነ በ1995 የመጣው ጃቫስክሪፕት በሌላ ፕሮግራም ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ቋንቋዎች ናቸው። የሚያንቀሳቅሳቸው ሞተር አስተርጓሚ ብቻ ከሆነ ገጹ ያዘግማል። ጉግል በ2008 ክሮምን ይዞ ሲመጣ ቪ8 የተባለው ሞተሩ ፕሮግራሙን በሥራ ላይ እያለ ወደ ማሽን ቋንቋ ይተረጉም ነበር። የዛሬዎቹ ሞተሮች ደግሞ በአስተርጓሚ ይጀምሩና የሚደጋገመውን ክፍል ለይተው ለተርጓሚ ይሰጣሉ። ይሁንና መተርጎሙ ራሱ የስልክ ጉልበት፣ ማኅደረ ትውስታና ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ፌስቡክ በ2019 ይፋ ያደረገው ሄርሜስ የትርጉሙን ዋና ሥራ አስቀድሞ አፕሊኬሽኑ በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ይጨርሳል። ስልኩ የሚቀበለው ባይትኮድ የተባለውን፣ ለመጀመር የተዘጋጀውን ቅጂ ነው። የሆፐር ሐሳብ ከ67 ዓመታት በኋላ ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ስልክ ይዞ አፕሊኬሽን የሚሠራ ወጣት ዝግመቱ አይታየውም። እሱ አንድ ቀን ደክሞ ሊያስቀረው የሚችለውን መዘግየት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየቀኑ በባትሪያቸውና በጊዜያቸው ይከፍሉታል። አገልግሎት ሁሉ ወደ ስልክ በሚገባበት በዚህ ጊዜ የማይከፈት ገጽ ከተዘጋ ቢሮ አይለይም። ስለዚህ አፕሊኬሽን የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ውላቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገቡ፤ ሥራው ርክክብ የሚደረግበት በርካሽ ስልክ ተፈትኖ ሲያልፍ ብቻ ይሁን።

ሆፐር በ1966 ጡረታ ወጥተው በዓመቱ ለ6 ወራት ተብለው ተጠሩ። በመሃል ከነበረ አጭር ዕረፍት በቀር እስከ 1986 አገለገሉ፤ በሪር አድሚራልነት ማዕረግ ሲሰናበቱ 79 ዓመታቸው ነበር። ጥር 1 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. አረፉ። የጦር መርከብ በስማቸው ተሰይሟል፤ በ2016ም የአገራቸው ከፍተኛ የሲቪል ሜዳልያ ተሸልመዋል። ለእኛ ግን ከመርከቡም ከሜዳልያውም ይልቅ ያቺ ሽቦ ትበጀናለች። በየፕሮግራም ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ብትሰቀል ጂንካ ያለው ሰው ሳይጠብቅ ቅጹን ይሞላ ነበር።