ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ እና መሣሪያ

ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ (ነሐሴ 12 ቀን 1836 – ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.) ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ የሸዋ ንጉሥ፣ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነው። በፖለቲካና በጦር ሥራቸው በሰፊው ይታወቃሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ባልተለያቸው አንድ ነገር ላይ ነው፦ የጦር መሣሪያና ማናቸውንም የብረት ሥራ መሰብሰብ፣ መፈታታት፣ መጠገንና ማስጠገን። ይህ ፍላጎት በአብዛኛው መልክ የያዘው በእንጦጦ ተራራ ላይ በተቀመጡበት ዘመን ነው።

ልጅነትና ምርኮ

ምኒልክ ከሸዋው ንጉሥ ከኃይለ መለኮትና ከወይዘሮ እጅጋየሁ በአንጎለላ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። በ1848 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው በዚያው ሰሞን አረፉ፤ ልጁም ተማርከው ሄዱ። አሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፣ የአባታቸውንም ዙፋን ያዙ።

ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንንና ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከሁሉ የገነነው ሴባስቶፖል ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። የተሠራው ምኒልክ ካመለጡ በኋላ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው እየጎተተ ተራራ ወጥቶ መቅደላ ደረሰ፣ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውጊያ ግን አልረዳም። ምኒልክ በኋላ የተከተሉት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። ትልቅ መድፍ በአገር ውስጥ ለማስቀለጥ አልሞከሩም፤ በሌላው ዓለም ተሠርቶ ያገለገለውን፣ አንዳንዴም ያረጀውን መሣሪያ ከየአቅጣጫው መሰብሰብንና በሥራ ላይ ማቆየትን መረጡ።

እንጦጦ

ምኒልክ በ1870ዎቹ ዋና መቀመጫቸውን ከአንኮበር አካባቢ ወደ እንጦጦ አዛወሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ ዛሬ አዲስ አበባን በሰሜን በኩል ይጋርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ የካ ኮረብቶች ይዘልቃል። ቦታው ለጠላት አስቸጋሪ በመሆኑ ለምሽግ ይመቻል። ችግሩ ብርዱ፣ የማገዶ እጥረቱና ዕቃ ማመላለሱ ነበር። በመንኮራኩር የሚሄድ ነገር ሁሉ ወደዚያ የሚወጣው በሰው ትከሻና በገመድ ነው።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። ግብፆች ከተማዋን አሥር ዓመት ያህል ገዝተው በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ መድፎች ትተው ነበር። ያኔ በእንጦጦ የነበረው ፈረንሳዊው ነጋዴና ገጣሚ አርቱር ራምቦ ንጉሡ ከዘመቻ ሲመለሱ አይቷል። በጻፈው ዘገባ መሠረት ከሐረር የተወሰዱ ሁለት የክሩፕ መድፎች እያንዳንዳቸው በ80 ሰው ተይዘው ተራራውን ወጥተዋል።

ራምቦ ራሱ ወደ እንጦጦ የመጣው ጠበንጃ ለመሸጥ ነው። ከታጁራ በግመል ያመጣው ከ2,000 የሚበልጥ ጠበንጃ የአውሮፓ ሠራዊቶች በኋላ ጎራሽ መሣሪያ ሲተኩት የጣሉት አሮጌ ዓይነት ነበር። ምኒልክ የዕቃውን ዋጋ ያውቁ ነበርና ራሳቸው ተከራክረው በርካሽ ገዙት። የሟቹን የራምቦን ሸሪክ ዕዳ ቀንሰው የቀረውን ሐረር ላይ ከራስ መኮንን (ያኔ ደጃዝማች) እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ከንግዱ ያሰበውን ያህል አላተረፈም።

በዚያው በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ከተራራው ሥር ባለው ፍልውሃ አካባቢ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ቢሆንም እንጦጦ ወዲያው አልተተወም፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

የመሣሪያው ስብስብ

ምኒልክ ከፈረንሳይ፣ ከኢጣልያ፣ ከሩሲያና ከሌሎችም አገሮች ጠበንጃ አገኙ። በ1880 ዓ.ም. የኢጣልያው መልእክተኛ ፒዬትሮ አንቶኔሊ በዓፄ ዮሐንስና በኢጣልያ ጠብ ውስጥ ምኒልክ ገለልተኛ እንዲሆኑ 5,000 ሬሚንግተን ጠበንጃ ሊሰጣቸው ተዋዋለ። ከውጫሌ ውል በኋላ ደግሞ ራስ መኮንን (ያኔ ደጃዝማች) ወደ ኢጣልያ ሄደው በተገኘው ብድር 38,000 ያህል ጠበንጃና 28 መድፍ ይዘው ተመለሱ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ሲያፈርሱ ብድሩንም ከፈሉ። መሣሪያው ግን በእጃቸው ቀረ።

የየአገሩ ጠበንጃ በሕዝቡ አፍ የየራሱ ስም ወጣለት። የፈረንሳዩ ግራ ጠበንጃ ውጅግራ፣ የእንግሊዙ ስናይደር ሰናድር፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር ተባለ። እንዲህ ያለ የተደባለቀ ስብስብ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ግራ 11 ሚሊ ሜትር፣ የሩሲያው በርዳን 10.7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የኢጣልያው ቬተርሊ 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥይት ይጎርሳል። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ መለዋወጫውም እንዲሁ። ስለዚህ የአንድ ጠበንጃ ዕድሜ የሚወሰነው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ጥይቱ በአገር ውስጥ በመገኘቱ ጭምር ነበር። ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ እስከመመንዘር ደርሶ ነበር፤ በተለይ የውጅግራ ጥይት በዚህ ይታወቃል።

መድፎቹና መሣሪያው በንጉሡ ግምጃ ቤት ሥር ይጠበቁ ነበር። በዓድዋ ዘመቻ የመድፈኛው አለቃ የነበሩት ባልቻ ሳፎ ማዕረጋቸው በጅሮንድ፣ ማለትም የግምጃ ቤት ኃላፊ መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዕቃውን የሚጠብቀውና በጦር ሜዳ የሚያዝዘው አንድ ሰው ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ከ100,000 ያላነሰ ሰው በኢትዮጵያ በኩል እንደተሰለፈ ይገመታል፤ አብዛኛውም ጠበንጃ ይዞ ነበር። ኢጣልያውያን ያሰለፏቸው 56 መድፎች በሙሉ ተማረኩ። የኢጣልያ ወታደሮች በዚያ ጦርነት የያዙት ጠበንጃ ያው ቀደም ሲል በብድሩ የተገዛው ቬተርሊ ስለነበረ የተማረከው ጥይት ኢትዮጵያውያን በያዙት ጠበንጃ ሊተኮስ ይችል ነበር።

ንጉሡና ባለ እጆች

ምኒልክ አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ማየት ብቻ አይበቃቸውም ነበር። በዘመኑ ወደ ቤተ መንግሥቱ የገቡ የውጭ አገር ሰዎች ንጉሡ ሰዓት ፈታተው እንደሚገጥሙ፣ አዲስ የመጣ ጠበንጃና መትረየስ ራሳቸው ተኩሰው እንደሚሞክሩ፣ ስለ አሠራሩም ብዙ እንደሚጠይቁ ጽፈዋል። ሕንፃ ሲሠራም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይሸከሙ ነበር።

ዋናው የቴክኒክ ረዳታቸው በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ እንደመጣ ንጉሡ በመጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠበንጃ እንዲሠራ አዝዘው እንደፈተኑት ይነገራል። ኢልግ ድልድይ ሠራ፣ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አስገባ፣ በዚያው ዓመትም የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተቀበለ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን ምኒልክ ካረፉ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ሌላው መሐንዲስ ኢጣልያዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነበር። በዓድዋ ተማርኮ ቆይቶ በዚሁ ቀረና በመንገድና በሕንፃ ሥራ አገለገለ።

የውጭ መሐንዲስ ዕቃውን ይተክላል፤ በየቀኑ የሚጠግነው ግን የአገሩ ቀጥቃጭ ነው። የተሰበረ የጠበንጃ ቃታ፣ የላላ ሰደፍ፣ የመድፍ መንኮራኩር ሁሉ የሚሄደው ወደ እሱ ነበር። ይሁን እንጂ ብረት ሠሪ፣ ሸማኔና ቆዳ ፋቂ በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቁ ነበሩ፤ ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ፣ ይፈራም ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ንቀቱ አገሪቱን ሠሪ እንደሚያሳጣትም አስጠነቀቁ። አዋጁ ልማዱን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም። ሆኖም ንጉሡ ዕቃ ማስመጣትና ዕቃውን የሚያኖር ሰው ማክበር የማይነጣጠሉ መሆናቸውን መገንዘባቸውን ያሳያል።

ባቡርና መኪና

በ1890ዎቹ አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ ተሽከርካሪ አስመጣ። መንገድ ባልነበረበት አገር እስከ አዲስ አበባ የደረሰው በብዙ ልፋት ነበር። ለመንገድ መዳመጫ የታሰበው ይህ መኪና የሰርኪስ ባቡር ተብሎ በከተማው ሰው ዘንድ ሲወራለት ኖረ። እንጨት ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ክብደቱም ለአገሩ ድልድይ የሚመች አልነበረም። በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተመንጥሮ አልቆ ስለነበር የማገዶ ችግር ምኒልክን ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ አድርሷቸው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የእንጦጦና የየካ ኮረብቶች ዛሬም በዚሁ ዛፍ ተሸፍነዋል።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ደረሰ። ያመጣው እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ነው፤ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አዲስ አበባ ሲገባ ምኒልክ ወዲያው ተሳፈሩበት። ብዙ ሳይቆይ ሌላ መኪና ከጀርመን መጣ። ለእነዚህ መኪናዎች ነዳጁም ጎማውም ከባሕር ማዶ መምጣት ነበረበት።

ከዓድዋ በኋላ የመንግሥታት መልእክተኞች በብዛት ሲመጡ ምኒልክ ከከተማው በስተምሥራቅ በእንጦጦ ግርጌ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። የእንግሊዝ፣ የሩሲያ፣ የኢጣልያና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች እስከ ዛሬ የሚገኙት በዚሁ በየካ በኩል ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የጦር መሣሪያ የመግዛትና የማስገባት ድርድርም ከእነዚህ ለጋሲዮኖች ጋር የሚካሄድ ሆነ።

ሕመምና ዕረፍት

ምኒልክ ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጤናቸው ታወከ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ዘመን በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኋላ ሕመሙ ጸንቶ ከሥራ አወጣቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ መቃብራቸውም በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ እንጦጦ ተመለሱና በ1910 ዓ.ም. እዚያው አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ

ታንክ በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1916 ስለሆነ ምኒልክ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ አላዩም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ታንኮች ያገኘችው በራስ ተፈሪ ዘመን ከኢጣልያ ሲሆን ዓይነታቸው ፊያት 3000 ነው። የቀድሞው ችግር ከነዚህም ጋር አብሮ መጣ፤ ነዳጅ፣ መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ ያስፈልጋቸው ነበር።

የምኒልክ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቀላል ሕንፃ ነው። ዛሬ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለጎብኚ ክፍት ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሙዚየም የምኒልክና የጣይቱ ዕቃዎች ይታያሉ።