አንዱን ሥራ የያዙት ኦኔሲሞስ ነሲብ

ከጅቡቲ ከተማ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ታጁራ በ19ኛው መቶ ዓመት ከመሐል አገር የተነጠቁ ሰዎች ለባርነት የሚጫኑባት ወደብ ነበረች። በሰሜን ያለችው ምጽዋም እንዲሁ ነበረች። በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው የተሰረቁት ኦኔሲሞስ ነሲብ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው ምጽዋ ደረሱ። በዚያም በ1870 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሙንዚንገር ነጻ አወጣቸው። በስዊድን ሚሲዮን ተምረው በ1872 ተጠመቁ። ሂካ የተባለው የልጅነት ስማቸው ተርጓሚ ማለት ነው።

በስዊድን አገር ከተማሩ በኋላ ወንጌልን ለኦሮሞ ወገኖቻቸው ለማድረስ ተነሡ። በሱዳን በኩል ቢሞክሩ በንዳድ ታመው በ1882 ተመለሱ። ሁለተኛው ጉዞ እስከ እንጦጦ ቢደርስም ከዚያ ማለፍ አልተፈቀደላቸውም።

እንግዲህ ጥበባቸውን እናስተውል። ያላቸውን ጥቂት ኃይል በተዘጋ በር ፊት አላባከኑም፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጠው ሰው በማያልፍበት መንገድ ሊያልፍ የሚችለውን መጽሐፍ ለማዘጋጀት ቈረጡ። በልጅነታቸው ከአገራቸው ስለ ተለዩ የቋንቋው ቃል ያንሳቸው ነበር፤ ይህንንም ጉድለት በ1886 ከባርነት ነጻ የወጡት አስቴር ጋኖ ቃላትን ሰብስበው ሞሉላቸው። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። የሚያነብ ከሌለ መጽሐፍ እንደ ተቈለፈ ሣጥን ነውና፣ በ1894 ሁለቱ የንባብ ማስተማሪያ አወጡ። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ።

በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ። ነገር ግን በ1906 ተከሰው እንዳይሰብኩ ታዘዙ፤ ፈቃድ ያገኙት በ1916 በልጅ ኢያሱ ዘመን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰባኪው ዝም ቢሉም መጽሐፉ በሕዝቡ እጅ ይነበብ ነበር። በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

አንድ ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ ሦስት ማሳ ቢጀምር አንዱንም ሳያርስ ክረምቱ ያልፍበታል። እኛም በቍጥርም በገንዘብም ጥቂቶች ስንሆን፣ ለሁሉ ከመሮጥ በፊት የተሰጠንን አንድ ማሳ እንዲያሳየን ጌታን እንለምን፤ ከያዝነው በኋላም እስከ ፍጻሜው እንጽና። አሜን።