አስናቀች ወርቁ፦ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚተውኑበት ዘመን መድረክ የወጣችው አስኒ

ብዙዎቻችሁ ቲክቶክ ላይ ክራር ይዛ ስትዘፍን አይታችኋት ይሆናል። ዘፋኝ ብቻ የምትመስለውም አለ። እኛ ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ተዋናይዋ አስናቀች ነው።

በ1927 ዓ.ም ገደማ አዲስ አበባ ተወለደች። እናቷን ያጣችው ገና ልጅ ሆና ነው። ክራሩንም ራሷ እየነካካች ለመደችው። ያኔ ደግሞ ክራር ስም የለውም። በገና የእግዜር፣ ክራር የሰይጣን ነው ይባል ነበር፤ የመጠጥ ቤት ዕቃ ተደርጎ ነው የሚታየው። ሴት ይዛው ስትገኝማ ወሬው አይጣል ነው።

ቲያትሩም ቢሆን ለሴት ቦታ አልነበረውም። እናት፣ ሚስት፣ ሙሽራ ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሻሽ ያስራሉ፣ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ድምፃቸውን ያቀጥናሉ፣ ተመልካቹም ይስቃል። በ1940ዎቹ አጋማሽ አስናቀች «የፍቅር ጮራ» በተባለ ቲያትር መድረክ ላይ ወጣች። ብዙዎች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይ የሚሏት ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። እኛ ጭሮ ስንማር የትምህርት ቤት ድራማ ሲዘጋጅ የእናትን ቦታ ሻሽ አስሮ የሚጫወት ወንድ ልጅ አይጠፋም ነበር። ሴቶቹ ችሎታ አጥተው አይደለም፣ ሰፈር ምን ይላል ብለው ነው። ሂርናም ገለምሶም ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። እሷ ከወጣች ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው!

በ1948 ዓ.ም የንጉሡ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር። አስናቀች በዚሁ ቲያትር ቤት ትተውናለች፣ ትዘፍናለች። ክራሯን ግን አልጣለችም።

ከማሲንቆው ጌታመሳይ አበበ ጋር የነበራቸውን ፉክክር ያላየ ዩቲዩብ ገብቶ ይፈልግ። እሱ ግጥም ይወረውራል፣ እሷ ሳትዘገይ ትመልሳለች። እንደኛ እንደኛ እዚያ ላይ ያለችው ተዋናይዋ ናት፤ ዓይኗ፣ ትከሻዋ፣ ዝም የምትልበት ቅጽበት ሁሉ ትወና ነው። ዛሬ ባትል የሚሉትን ነገር ያኔ ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ሰምተውታል።

«እንደ ኢየሩሳሌም»ን የመሳሰሉ ዘፈኖቿ በኋላ ፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጽ ወጥተው የውጭ ሰውም ሰማቸው። መጨረሻዋ ግን ቀላል አልነበረም፤ ብዙ ታመመች። በመስከረም 2004 ዓ.ም፣ አዲሱ ዓመት በገባ በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ አረፈች። ራሄል ሳሙኤል ስለ እሷ የሠራችው «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ለተመልካች የቀረበው ከዚያ በኋላ ነው።