ነጋድራስ ተሰማ እሸቴና ስም የወጣለት ዘፈን

ከአራዳ ሰፈሮች መካከል ስሙ በሰው አፍ እንደ ዶሮ ማነቂያ የተለመደ ጥቂት ነው። ከፒያሳ ጀርባ የነበረው ይህ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ለከተማው አዲስ ሥራ ሲባል እስከ ፈረሰ ድረስ፥ በጠባብ መንገዶቹ፥ በተጠጋጉ ቤቶቹና በትንንሽ ቡና ቤቶቹ ይታወቅ ነበር። እንዲህ ባለው የአራዳ ሰፈር ማሲንቆና ክራር በሚሰማበት ምሽት፥ ዘፈን የሚጠራው በርእስ አልነበረም። አድማጩ ትዝታ እንዲባልለት፥ ወይም ባቲ እንዲዜምለት፥ ወይም አምባሰል እንዲወርድለት ይጠይቃል እንጂ፥ የዚህን ሰው የዚህን ዓመት ሥራ አሰማኝ ብሎ አያዝም። ግጥሙ እንደ ዕለቱ ይለዋወጣል፤ ዜማው ግን የሁሉ ነው።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ሆኗል። ተማሪው በኪሱ በያዘው ስልክ ላይ ነጠላ ዜማ መውጣቱን ከነርእሱ፥ ከነሥዕሉ፥ ከነቀኑ ያነባል። ዘፋኙ ሙሉ አልበም የሚያወጣበትን ዕለት ከወራት በፊት ያስታውቃል። ይህን የለመደ ወጣት፥ ለኢትዮጵያ ዘፈን በመጀመሪያ በጽሑፍ ስም ያስወጣለት፥ ተራ ቁጥርም ያሰጠው ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ ወደ አንድ ሰው ያደርሰዋል። ይኸውም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ስለዚህ የእሳቸውን ታሪክ በዛሬው ዕለት በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ከቤተ መንግሥት ወደ ጀርመን

ተሰማ እሸቴ የተወለዱት በ1869 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ በወጣትነታቸው ከታወቁት ብልሆች አንዱ ነበሩ። ጨዋታ አዋቂ፥ ገጣሚ፥ ድምፃቸውም ያማረ ስለ ነበረ፥ ባሉበት ሸንጎና ግብዣ ሁሉ ይፈለጉ ነበር። ከዚህም በላይ እጃቸው ሥራ ወዳድ፥ ልባቸውም አዲስ ነገር ለማወቅ የሚቸኩል ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ እንግዳ የሆነ ዕቃ ገባ። ይህም አውቶሞቢል ነው። አንዱን እንግሊዛዊው ቤንትሌይ፥ ሌላውን ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ አመጡላቸው። ዐፄ ምኒልክ መኪናውን አይተው በመደነቅ ብቻ አልተወሰኑም፤ የሚነዳውና ሲሰበር የሚጠግነው ሰው ከገዛ አገራቸው እንዲገኝ ፈለጉ። ስለዚህም ተሰማ እሸቴ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ተመርጠው ትምህርቱን እንዲቀስሙ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ።

እንግዲህ አንድ ሰው መንዳትና መጠገን ሊማር ሄዶ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ መግባቱ የሚያስገርም ነው። በዚያ ዘመን የአውሮፓ የሸክላ ፋብሪካዎች የየአገሩን ዘፈን በየቋንቋው እየቀዱ ለመሸጥ ይሽቀዳደሙ ነበር። የጀርመን ዋና ከተማ በርሊንም የዚህ ንግድ ትልቅ ማዕከል ነበረች። ተሰማ እሸቴ በጀርመን በቆዩበት ከ1900 እስከ 1903 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ በገዛ ድምፃቸውና በማሲንቆ ያዜሙት ዘፈን በሸክላ ተቀረጸ። የተቀረጹትም ሸክላዎች ከአሥር በላይ ነበሩ። በዚህም ከኢትዮጵያውያን መካከል ዘፈኑን በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ።

በእርግጥ የኢትዮጵያ ድምፅ በመሣሪያ ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክ በላኩላቸው ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በ1891 ዓ.ም. አጸፋውን በድምፃቸው መልሰዋል። ነገር ግን ያ የነገሥታት መልእክት እንጂ ለገበያ የቀረበ ዘፈን አልነበረም። አንዱ ቅጂ ብቻውን የሚኖር ነበር። ሸክላው ግን ከአንድ እናት ቅርጽ ብዙ እየተባዛ በየሱቁ የሚሸጥ ነው።

ሸክላው ያመጣው ሕግ

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ማሲንቆ የያዘ ሰው በግብዣ ላይ ሲያዜም ጊዜው አይቆረጥም። አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፥ እርሱም ይቀበላል፤ ሽለላው ወደ ፉከራ፥ ትዝታው ወደ ሙገሳ ያልፋል። የዚያ ዘመን ሸክላ ግን በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል እየዞረ በአንድ ገጹ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ነበር። ስለዚህ ዘፋኙ መጀመሪያና መጨረሻ እንዲያበጅ ተገደደ።

ሁለተኛውም ግዴታ ይህን ተከትሎ መጣ። ሸክላ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ጥቁርና ክብ ነው። በመሐሉ ላይ ክብ ወረቀት ካልተለጠፈበት ትዝታውን ከሽለላው የሚለየው የለም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ ነበረበት፤ የዘፈኑ ስም፥ የዘፋኙ ስም፥ የፋብሪካው ቁጥር። ነጋዴው ከፋብሪካው የሚያዘው በቁጥሩ ነው። ገዢው የሚጠይቀው በዘፋኙ ስም ነው። ቀድሞ በቅኝቱ ብቻ ይጠራ የነበረው ዜማ፥ ከዚህ በኋላ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ሆኖ ተመዘገበ። ስም ማውጣት ለዘፈን ክርስትና ማንሣት ያህል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አልበም የሚለውም ቃል ቢሆን ከዚህ የመጣ ነው። አንዱ ሸክላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ፥ የአንድ ሥራ የሆኑ ብዙ ሸክላዎች እንደ ፎቶግራፍ መያዣ በተሠራ ባለ ብዙ ኪስ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጠው በአንድነት ይሸጡ ነበር። በኋላ በ1940 ዓ.ም. ብዙ ዘፈን በአንድ ገጽ የሚይዘው ትልቁ ሸክላ፥ በዓመቱም ባለ 45 ዙሩ ትንሽ ሸክላ በአሜሪካ ወጡ። ያኔ ትልቁ የአልበምን ስም ወረሰ፤ ትንሹም ነጠላ ተባለ።

ክብርና መከራ

ተሰማ እሸቴ ከጀርመን ተመልሰው ሲመጡ ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው ነበር። አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ወጣት ነበሩና፥ መኪና የሚነዳ፥ አውሮፓ ያየ፥ በጨዋታው ሰው የሚያስደስት ሰው ወደ እርሳቸው መቅረቡ አያስደንቅም። ተሰማም የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ሆኑ፥ በማዕረግም ነጋድራስ ተባሉ።

ነጋድራስነት በዚያ ዘመን የነጋዴዎች አለቅነት ብቻ አልነበረም። ቀረጥ ማስገባት፥ ነጋዴውን መዳኘት፥ ገበያውን መቆጣጠር የነጋድራስ ሥራ ነበር። የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ደግሞ የኢጣልያ ወረራ ወደ መርካቶ እስካዛወረው ድረስ በአራዳ ይቆም ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፥ ሸክላውና የሸክላ ማጫወቻው ጭምር፥ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ነበር። አንድ ሰው ዘፈኑን በሸክላ አስቀርጾ፥ ኋላ ደግሞ የነጋዴ አለቃ መባሉ በታሪካችን ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነው።

ይሁን እንጂ ክብሩ አልዘለቀም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ወዳጆቻቸውም አብረው ወደቁ። ነጋድራስ ተሰማም የዚህ መከራ ተካፋይ ሆኑ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት ከአዲስ አበባ ርቆ በጅማ ነው። እኒህ ልጅ ኋላ የአራዳው ክለብ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፥ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በዓለም ታወቁ። ነጋድራስ ተሰማ ከዚያ ሁሉ መገለባበጥ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረው በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ። የግጥሞቻቸውን ስብስብ ልጃቸው አዘጋጅተውት ሰምና ወርቅ በሚል ስም መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል።

ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሥርዓት

ነጋድራስ ተሰማ በሕይወት ሳሉ የሸክላ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። ይህ ሁኔታ ሃያ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፥ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ በራሳቸው ድፍረት የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትመው አወጡ። አምሃና ዓለማየሁ የአባታቸው ስም ቢመሳሰልም ወንድማማች አይደሉም። አምሃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ነጠላ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ትልልቆችን አሳተሙ።

በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ሥርዓቱ ግልጽ ነው። የአምሃ ሸክላ ኤ.ኢ. የሚል ፊደልና ተራ ቁጥር፥ የካይፋ ሸክላ ደግሞ ኬ.ኤፍ. የሚል ፊደልና ተራ ቁጥር አለው። አንዱ ዘፈን በፊተኛው ገጽ፥ ሁለተኛው በኋለኛው ገጽ ነው። ዛሬ የዚያን ዘመን ሥራ የሚያጠና ሰው የዘፈኑን ዓመት ሳይቀር ከቁጥሩ ቅደም ተከተል ሊገምት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ካሴት በመጣ ጊዜ ግን ልማዱ ላላ። ብዙ ካሴት ከመጀመሪያው ዘፈን በተወሰደ ስም፥ ወይም ቁጥር 1፥ ቁጥር 2 በሚል ብቻ ወጣ። ማስታወቂያውም በፒያሳ የሙዚቃ ቤቶች በር ላይ የቆመው የድምፅ ማጉያና በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ነበር። ለእንቁጣጣሽ፥ ለገና ወይም ለፋሲካ የሚወጣው ሁሉ በዚህ መንገድ ይነገር ነበር።

አሁን ደግሞ ዘፈን በኢንተርኔት በሚሠራጭበት ጊዜ የመመደቢያው ደንብ በቁጥርና በደቂቃ ሆኗል። በታላላቆቹ አሠራጮች ዘንድ እስከ ሦስት ዘፈን ያለው ነጠላ፥ ከአራት እስከ ስድስት ያለው አጭር ስብስብ፥ ከዚያ የበለጠ ወይም ከሠላሳ ደቂቃ ያለፈ አልበም ይባላል። እያንዳንዱም ቅጂ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ያለው ዓለም አቀፍ መለያ ይሰጠዋል። በዚህ ደንብ ብንመዝናቸው የነጋድራስ ተሰማ ሸክላዎች እያንዳንዳቸው ሁለት ዘፈን የያዙ ነጠላዎች ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ፥ ኢትዮጲክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት 27ኛው ቁጥር ሆነው ሲወጡ ግን አልበም ተባሉ። የአልበሙ ርእስ እሳቸው ያወጡት አልነበረም።

እዚህም ላይ አንድ ክርክር አለ። ስለ እሳቸው የሚጽፉት አንዳንዶቹ አዝማሪ ብለው ይመድቧቸዋል፤ ሌሎቹ ነጋድራስ ብለው ያከብሯቸዋል። አዝማሪነት በዚያ ዘመን በብዙ ሰው ዘንድ የሚናቅ ሙያ ነበርና፥ መኳንንቱን የሚያከብር ጸሐፊ ቃሉን ይሸሸዋል። እኛ ግን ሁለቱም ምድብ ብቻውን እንደማይበቃ እናምናለን። አዝማሪ ብቻ ካልናቸው ሹመታቸውንና የእጅ ሙያቸውን ከመዝገብ እንፍቃለን። ነጋድራስ ብቻ ካልናቸውም፥ ስማቸውን ያስጠራውን ማሲንቆ ልንደብቅ ነው። ማሲንቆ መያዝ ያሳፍራል ከሚል ሐሳብ የመጣ ዝምታ፥ ስንቱን ዘፈን ያለ ባለቤት አስቀርቷል!

ለወጣት ባለሥልጣኖችና ለተማሪዎች የምንለው አለን። የነጋድራስ ተሰማ ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ ሊገኝ የቻለው ጥሩ ስላዜሙ ብቻ አይደለም፤ ከእሳቸው ጋር በአንድ ዘመን ያማረ ያዜሙ፥ ስማቸው የጠፋ ብዙዎች ነበሩ። የእሳቸው የተገኘው በሸክላው መሐል ስም ስለ ተለጠፈበት፥ ቁጥርም ስለ ተሰጠው ነው። በመዝገብ ቤት፥ በራዲዮ ጣቢያ ወይም በቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ወጣት አንድን ቅጂ ያለ ስም፥ ያለ ቀን፥ ያለ ባለቤት ወደ መደርደሪያ ሲያስገባ፥ ያን ሰው ሁለተኛ መቅበሩ መሆኑን ይወቅ። የግጥሙን ደራሲ፥ የዜማውን ባለቤትና የመሣሪያውን ተጫዋች ለይቶ መጻፍ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለአመንጪውም፥ ለተጫዋቹም፥ ለአሳታሚውም የየራሳቸውን መብት ለይቶ ሲሰጥ፥ ይህንኑ ልዩነት በሕግ ማጽናቱ ነው። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ሰው በየትኛው ማስረጃ መብቱን ይጠይቃል?

ዶሮ ማነቂያ ዛሬ የለም። በዚያ ሰፈር ሌሊት ሌሊት የተዜመው አብዛኛው ዘፈን ስም አልወጣለትም፥ ሸክላም አላገኘም፤ ቤቶቹ ሲፈርሱ የቀረው በሰዎች ትዝታ ብቻ ነው። በየሠርጉ ቤት፥ በየጠጅ ቤቱ፥ በየገጠሩ ስም ሳይወጣለት የሚዜም ገና ብዙ አለ። መኪና ሊማር ሄዶ ድምፁን ለልጅ ልጅ ያቆየ ሰው የነበራት አገር፥ ዛሬ በየተማሪው ኪስ ውስጥ መቅጃ እያለ ያን ዘፈን ያለ ስም ልታሳልፈው አይገባም።