የ“ስታር ትሬክ” ፈጣሪ ከድርሰቱ ትርፍ የተካፈለው ዘግይቶ ነበር

“ስታር ትሬክ” የተሰኘው የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪ እ.ኤ.አ በ1921 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የነበረ ሲሆን፣ ከ1949 እስከ 1956 በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ባልደረባነት ሲያገለግል ድርሰት መጻፍ ጀመረ።

በ1966 መታየት የጀመረው ድራማው 79 ክፍሎች ቀርበው በ1969 ተቋረጠ። ሮደንቤሪ የትርፍ ተካፋይ የሚያደርገው ውል ቢኖረውም፣ የፓራማውንት ስቱዲዮ ሂሳብ ድራማውን በኪሳራ ያስቀምጠው ስለነበር ለዓመታት ድርሻውን አላገኘም። በ1970 ሙሉ መብቱን በ150 ሺህ ዶላር እንዲገዛ ሐሳብ ቢቀርብለትም አቅሙ አልፈቀደም። ድራማው በየጣቢያው በድጋሚ እየታየ ተወዳጅነቱ ሲጨምር፣ ፈጣሪው በዩኒቨርሲቲዎች ንግግር በማድረግ ኑሮውን ይደጉም ነበር።

በ1979 የመጀመሪያው ፊልም፣ በ1987 ደግሞ አዲሱ ተከታታይ ድራማ ለሕዝብ ቀረበ። ሮደንቤሪ በ1991 ያረፈ ሲሆን፣ የአስከሬኑ አመድ በከፊል በ1992 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ተወስዷል።

የሕይወት ታሪኩ የፈጠራ ባለሙያን ጥቅም የሚያስጠብቀው ዝና ሳይሆን ግልጽ ውልና ሊመረመር የሚችል ሂሳብ መሆኑን ያስገነዝባል። ኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያወጣችው የሥራ አመንጪዎችን መብት በሕግ ለማስከበር ነው።