አድሚራል ግሬስ ሆፐር እና የጀማሪዎች ፈተና

በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሴት ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሳያዩ ነው ያረፉት። ጃቫ ለሕዝብ የቀረበው በ1995 ነው፤ ሪር አድሚራል ግሬስ ሆፐር ግን በጎረቤታችን በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አርፈዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ኮሌጅ ገብቶ የመጀመሪያውን የጃቫ ኮርስ የሚወስድ ሁሉ፣ የጻፈውን ኮምፓይል ባደረገ ቁጥር እሳቸው ባስጀመሩት መንገድ ላይ ነው የሚሄደው።

ታሪካቸውን የመረጥነው ለሌላም ምክንያት ነው። በአካባቢያችን ብዙ ወገኖቻችን ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ማታ ፕሮግራሚንግ ይማራሉ። በጥናት ቡድናችን ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። ተማሪው ክላስ ምንድን ነው፣ ኦብጀክት ምንድን ነው ሲሉት ትርጓሜውን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። በጃቫ 7 / 2 ስንት ይሆናል ሲሉት ግን ያለ ምንም ጥርጥር 3.5 ይላል። ጃቫ የሚለው 3 ነው። ትርጓሜ ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ይህን ተማሪ በጥሩ ውጤት ያሳልፈዋል፤ ሁለተኛው ኮርስ ላይ ግን ይጥለዋል፤ ከብዙ ድካም የተቆጠበው የትምህርት ክፍያም አብሮ ይሄዳል። ታዲያ ጀማሪ መረዳቱን በምን እናውቃለን? ሆፐር ይህን ጥያቄ በሰውም በማሽንም ላይ ሲያነሡ ነው የኖሩት።

ግሬስ ብሩስተር መሬይ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የማንቂያ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱት። መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ሁለተኛውን፣ ቀጥሎም ሦስተኛውን እያሉ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባቱንም ሰዓቶች ፈታቷቸው። እናታቸው የወሰዱት እርምጃ ከዚያ በኋላ በአንድ ሰዓት ብቻ እንዲወሰኑ ማድረግ ነበር። የኛ እናቶች ቢሆኑ ነገሩ በዚህ ብቻ የሚያበቃ አይመስለኝም።

ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት መጀመሪያ ሲያመለክቱ በላቲን ፈተና ወደቁ። በሚቀጥለው ዓመት ገብተው በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከየል ዩኒቨርሲቲ በ1930 ማስተርሳቸውን፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በዚያ ዘመን ይህ ለሴት ልጅ ቀላል አልነበረም። የምንጠራበትን ሆፐር የሚለውን ስም ያገኙት በ1930 ካገቡት ባለቤታቸው ነው፤ ትዳሩ በ1945 በፍቺ ቢያበቃም ስሙ ቀረ።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ አስተማሩ። የፕሮባቢሊቲ ኮርስ ሲጀምሩ የሚሰጡት የቤት ሥራ የተለየ ነበር። ትልልቅ ፋክቶሪያሎችን ለመገመት የሚያገለግለውን የስተርሊንግ ፎርሙላ ተማሪዎቹ በድርሰት እንዲያብራሩ ያዛሉ። ድርሰቱንም ለሒሳቡ ብቻ ሳይሆን ለአጻጻፉ ጭምር በቀለም አርመው ይመልሱታል። ተማሪዎቹ የተመዘገብነው ለሒሳብ እንጂ ለእንግሊዝኛ አይደለም ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ለሌላ ሰው ማስረዳት የማትችሉትን ሒሳብ መማር ዋጋ የለውም የሚል መልስ ይሰጧቸው ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ለጀማሪ ከተዘጋጁ ፈተናዎች ሁሉ ይህን የሚበልጥ የለም። ፎርሙላውን በቃል መያዝ ይቻላል፤ ማብራሪያውን ግን ያልገባው ሰው ሁለት መስመር እንኳ አይገፋበትም።

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ሆፐር ማስተማሩን ትተው ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት ፈለጉ። ክብደታቸው ከሚፈለገው 15 ፓውንድ ያንስ ስለነበር በልዩ ፈቃድ በ1943 ተቀጠሩ፤ ከመኮንኖች ትምህርት ቤትም በአንደኝነት ወጡ። በጁላይ 1944 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲላኩ የጠበቃቸው ማርክ 1 የሚባለው ማሽን ነው። ርዝመቱ 51 ጫማ ሲሆን በሰከንድ ሦስት ያህል ድምር ይሠራ ነበር። ትእዛዝ የሚቀበለው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነው። አንድን ሥራ እንዲደጋግም ከተፈለገ የወረቀቱ ጫፍና ጫፍ ይጣበቅና ዙሪያውን ይሽከረከራል። ሉፕ ለምን ሉፕ እንደተባለ ለሚጠይቅ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላውቅም።

አለቃቸው ሃዋርድ አይከን አዲሷን መኮንን የተቀበሏቸው በሥራ ነው። ኮምፒዩተር አይተው ለማያውቁት ሴት ማሽኑን እያሳዩ፣ በሳምንት ውስጥ የአርክታንጀንትን ስሌት የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጂ አሏቸው። መማሪያ መጽሐፍ የለም። በኋላ በ1946 የታተመውን ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን የማሽኑን መመሪያ በአብዛኛው የጻፉት ራሳቸው ሆፐር ናቸው።

ስለ እሳት ራቷ ሳናነሣ ብናልፍ ቅር የሚለው አይጠፋም። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ማርክ 2 ማሽን ሥራ ሲያቆም ሠራተኞቹ ውስጡን ሲፈትሹ ሬሌ ውስጥ የተጣበቀች የእሳት ራት አገኙ። በፕላስተር መዝገቡ ላይ ለጥፈው እውነተኛ ባግ ተገኘ ብለው በቀልድ ጻፉባት። ባግ የሚለውን ቃል መሐንዲሶች ከዚያ አስቀድሞ ይጠቀሙበት ነበርና ቃሉ በዚያ ቀን ተፈጠረ የሚባለው ትክክል አይደለም። የእሳት ራቷንም ያገኟት ሆፐር አይደሉም፤ ታሪኩን በየመድረኩ እየተረኩ ዓለም እንዲያውቀው ያደረጉት ግን እሳቸው ናቸው። መዝገቡ ከነእሳት ራቷ ዛሬ በዋሽንግተን የስሚዝሶንያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ነው።

በ1949 ሆፐር ፊላደልፊያ ወደሚገኘው የኤከርትና ሞክሊ ኮምፒዩተር ኩባንያ ተዛወሩ። እዚያ በስምንት መሠረት ቁጥር መደመርና መቀነስ ለመዱ። ከጥቂት ወራት በኋላ የባንክ ሒሳባቸው አልገጥም ይላቸዋል። ቢለው ቢለው አልሆነም። በመጨረሻ የባንክ ባለሙያ የሆነው ወንድማቸው መዝገቡን ሲመረምረው እኅቱ አንዳንዴ በስምንት መሠረት ሲቀንሱ እንደቆዩ ደረሰበት።

ቀልድ ቢመስልም ትልቁን ሐሳባቸውን ያመጣው እንዲህ ያለው የሰውና የማሽን አለመግባባት ነው። በዚያ ጊዜ ፕሮግራመሮች የሚሠራ ቁራጭ ፕሮግራም ሲያገኙ በደብተራቸው ይይዙና ለሌላ ሥራ በእጅ ይገለብጡት ነበር። ሲገለብጡ ደግሞ ይሳሳታሉ፤ ቢ የምትባለው ፊደል 13 ሆና ትገኛለች። ሆፐር መገልበጡንም መደመሩንም ለማሽኑ ለራሱ ሰጡት። በ1952 ኤ-ዜሮ የተባለውን የመጀመሪያ ኮምፓይለራቸውን አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በፒትስበርግ ባቀረቡት ጽሑፍ ላይም ርእሱን ስለ ኮምፒዩተር መማር አደረጉት። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ኤ-ዜሮ ቁርጥራጮችን ፈልጎ የሚያገጣጥም እንጂ እንደ አሁኑ ኮምፓይለር ቋንቋ የሚተረጉም አልነበረም። ቢሆንም ኮምፒዩተር ከሒሳብ በቀር ምንም አይችልም ይባል ስለነበር ለረጅም ጊዜ የሚጠቀምበት አላገኙም።

ቀጥለው ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ቃላት እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ለኩባንያው አለቆች ማሳያ ሲያዘጋጁ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛም ጨመሩ። ለማሽኑ ቃሉ ምልክት ብቻ ስለሆነ ልዩነት የለውም። አለቆቹ ግን ፊላደልፊያ የተሠራ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛ ሊያውቅ አይችልም ብለው ደነገጡ። ነገሩ ለኛ ቅርብ ነው። ጃቫ ዩኒኮድን ስለሚቀበል ዛሬ አንድን ቫሪያብል በገዛ ፊደላችን ደመወዝ ብለን ብንሰይመው ኮምፓይለሩ ያለ ቅሬታ ያልፈዋል፤ እንግሊዝኛ ሆነው የሚቀሩት የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ናቸው። በእንግሊዝኛው ምክንያት ፕሮግራሚንግ አይገባኝም ለሚል ወገን ይህን ማሳየት ይጠቅማል።

ፍሎማቲክ የተባለው ቋንቋቸው የኮቦል መሠረት ሆነ። ኮቦልን የማዘጋጀቱ ሥራ የተጀመረው በሜይ 1959 ፔንታጎን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ነው። በዲሴምበር 1960 በኮቦል የተጻፈ አንድ ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች ላይ ሠራ። አንድ ጊዜ ጽፎ በየትም ማሽን ማስኬድ የሚለው የጃቫ መለያ በዚያን ቀን ጭላንጭሉ ታይቷል ማለት ይቻላል።

ባሕር ኃይሉ በ1966 መጨረሻ በዕድሜ ምክንያት ጡረታ አወጣቸው። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 1967፣ ለስድስት ወር ብቻ ብሎ መልሶ ጠራቸው። ስድስቱ ወር ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ተራዘመ። የሥራ ቦታቸው ፔንታጎን ሆነ፤ ኑሯቸውም አርሊንግተን።

የተጠሩበት ችግር የሚገርም ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ኮምፓይለሬ ኮቦልን በትክክል ያውቃል ይላል፤ ያንኑ ፕሮግራም ሲሰጡት ግን አንዱ የሚያወጣው ከሌላው ይለያል። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ኮምፓይለሮችን የሚፈትኑ ፕሮግራሞች አዘጋጁ። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ፕሮግራም ለኮምፓይለሩ ይሰጣል፤ ያወጣው ውጤት ከሚጠበቀው ጋር ይመሳከራል። የአምራቹ ማስታወቂያ ዋጋ የለውም። ይህን የፈተና ሥራ ኋላ በ1980ዎቹ የተረከበው ዋና መሥሪያ ቤቱ ጌይዘርስበርግ፣ ሜሪላንድ የሆነው ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ጃቫ ጀማሪያችን እንመለስ፤ እሱም መፈተን ያለበት ልክ እንደ ኮምፓይለሩ ይመስለኛል። አጭር ፕሮግራም በወረቀት ይሰጠው፤ ኮምፒዩተር ሳይነካ የሚያወጣውን ይጻፍ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ በአማርኛም ቢሆን ያስረዳ። 7 / 2 ለምን 3 ሆነ? ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ ጃቫ መልሱንም ሙሉ ቁጥር ያደርገዋል፤ ትርፉን ቆርጦ ይጥለዋል እንጂ አያጠጋጋም። 7 / 2.0 ቢባል 3.5 ይሆናል። ሁለት ስትሪንጎች ያው ቃል ይዘው == ለምን እኩል አይደሉም ሊል ይችላል? ምልክቱ የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ናችሁ ወይ ብሎ ሳይሆን አንድ ኦብጀክት ናችሁ ወይ ብሎ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበዎች ቢኖሩ ስማቸው አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ቁጥርን ለሜተድ መስጠት የፓስፖርት ፎቶ ኮፒ እንደ መስጠት ነው፤ ኮፒው ላይ ቢሞነጭሩ ዋናው አይነካም። ኦብጀክት ሲሰጥ ግን የሚባዛው የቤቱ ቁልፍ ነው፤ በተባዛው ቁልፍ የገባ ሰው ያንኑ ቤት ነው የሚያበላሸው። የአሬይ ቁጥር ከ0 መጀመሩ ደግሞ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሊከብደው አይገባም። እኛ ምድር ቤት ብለን ከላዩ ያለውን ነው አንደኛ ፎቅ የምንለው፤ አሜሪካኖቹ ናቸው ከመሬት ጀምረው አንድ የሚሉት። አሥር ቦታ ያለው አሬይ መጨረሻው 9 ነው። 10 ቁጥርን የጠየቀ ፕሮግራም ኮምፓይለሩን በሰላም ያልፍና ሲሄድ ይወድቃል። ኮምፓይለሩ አለፈ ማለት ፕሮግራሙ ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ጀማሪው የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው።

ሆፐር በእርጅናቸውም ማስተማሩን አልተዉም። ለተማሪም ለጄኔራልም ሲናገሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሆን ቁራጭ ሽቦ ያድሉ ነበር። ሽቦው ብርሃን በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚሄደው ርቀት ነው። መልእክት በሳተላይት ለመድረስ ለምን ይዘገያል ብሎ ለሚጠይቅ መኮንን፣ በመካከል ያሉት የሽቦ ቁራጮች ስንት እንደሆኑ እንዲያስብ ይነግሩታል። ቢሯቸው ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ የሚዞር የግድግዳ ሰዓት ነበራቸው። ሰዓቱን በትክክል ያሳያል፤ ዓይን ስላልለመደው ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

በ1983 በቴሌቪዥን የቀረበ ቃለ ምልልሳቸውን ያዩ የምክር ቤት አባል ጉዳዩን ገፍተው የኮሞዶርነት ማዕረግ አገኙ፤ ማዕረጉ በ1985 ሪር አድሚራል ተባለ። በኦገስት 1986 ቦስተን ላይ፣ ዩኤስኤስ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊ መርከብ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ለመጨረሻ ጊዜ ጡረታ ሲወጡ 79 ዓመታቸው ነበር። እሱም ጡረታ ከተባለ ነው፤ ወዲያው ዲጂታል ኢኩፕመንት ኮርፖሬሽን በአማካሪነት ቀጠራቸውና እየተዘዋወሩ ንግግር አደረጉ።

የተቀበሩት በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ነው። በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳይ ከሞቱ በኋላ ሰጥተዋቸዋል። በፔንታጎን ሲቲ ይኖሩበት ከነበረው አፓርታማ አጠገብ በስማቸው የተሰየመ ትንሽ መናፈሻ አለ። ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ጣቢያ በሰማያዊውም በቢጫውም መሥመር ፔንታጎን ሲቲ ወርዶ በእግር ይደረሳል።